የጃሚላ ስም በቢጫ ወረቀት

ኅዳር 26 ቀን 1959 ዓ.ም.

ዛሬ አንዲት የጀጎል ሴት ሱቄ ድረስ መጥተው ሥራዬን ድባቅ መትተውት ሄዱ።

ደንበኛ አልነበረም፤ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ብሩሽ አጥባለሁ። ጥላ ይዘው፣ ቀይ ሻሽ አስረው ቆሙና ግድግዳ ላይ የተደገፉትን ታፔላዎች አንድ በአንድ አዩ። የፀጉር አስተካካዩን ታፔላ በጥላቸው ጫፍ እያመለከቱ፣ “ይሄ ሰውዬ ሞቷል እንዴ?” አሉኝ።

“ኧረ ደኅና ነው፤ ምነው?”

“ቀብረኸዋላ። መቀስ ስለሃል፣ ወንበር ስለሃል፣ መስታወት ስለሃል፣ አበባም ጨምረሃል። ሰውዬው የት አለ?”

ስሙ ከሥር በጥቁር ቀለም ተጽፏል፤ ላሳያቸው ስል እኔ ራሴ ፈልጌ ነው ያገኘሁት። ወታደር ቤት በመኪና ላይ ቁጥር ስጽፍ የኖርኩ ሰው፣ ከወጣሁ ወዲህ ሥዕሉ አሳስቶኛል። ሥዕል ሲበዛ የሚከፍለኝ ደንበኛ የተደሰተ ይመስለኛል፤ ታፔላው ግን ለእሱ ሳይሆን ለመንገደኛ ነው የሚሰቀለው።

ስማቸው ወይዘሮ ጃሚላ ነው። ከፈረስ መጋላ ወደ መኪና ግርግር፣ ወደ ልብስ ሰፊዎቹ በሚወርደው መንገድ ላይ ሐሉዋ ይሠራሉ። ስኳሩን፣ ዘይቱን፣ ለውዙንና ሄሉን በትልቅ ድስት እያማሰሉ የሚያወፍሩት ጣፋጭ ነው። ባላቸው ዐብዱናስር ካረፉ ወዲህ ሱቁን ብቻቸውን ይዘውታል። ከድሬዳዋ አውቶቡስ የሚወርደው ሰው ሐሉዋ የት አለ ብሎ ሲጠይቅ ወደ ሌላ ሱቅ ይመሩታል አሉ። በራቸው ላይ ምንም የለም።

“ስም ጻፍልኝ” አሉ።

“የማንን ስም?”

ሰው ሁሉ የዐብዱናስር ሱቅ ነው የሚለው። የሴት ስም መንገድ ላይ መሰቀሉን ደግሞ ዘመድ አይወደውም። እኔ የማምንበትን ነገርኳቸው፦ ታፔላ ላይ የሚጻፈው ደንበኛው በሩን አልፎ ሲገባ የሚያገኘው ሰው ስም ነው። ዐብዱናስር የሚል አንብቦ የገባ ሰው ዐብዱናስርን ይጠብቃል።

“አላህ ይርሐመው፤ እሱስ አይመጣም” አሉ። ጥላቸውን ዘርግተው ለመሄድ ከዞሩ በኋላ መለስ ብለው፣ “ጃሚላ በል” አሉኝ።

አንተ ነው የሚሉኝ። አማርኛቸው እንደዚያ ነው፤ ለሹሙም ለለማኙም አንተ። እኔ እርስዎ እላለሁ።

ታኅሣሥ 3

ተሰቀለ። ቢጫ መደብ፣ ቀይ ጽሑፍ። የጀጎል ግድግዳ ነጭ ነው፣ አረንጓዴ ነው፣ ሰማያዊ ነው፤ በዚያ መንገድ ላይ ቢጫ አላየሁም። ሥዕል የለውም፣ አበባም የለውም። “የጃሚላ ሐሉዋ”፣ በቃ። ዓረብኛውን እኔ ስለማልችል እሳቸው መሰላል ላይ ወጥተው በጠመኔ ጻፉት፣ እኔ በላዩ ላይ ቀለም ሄድኩበት። ከመሰላሉ ሥር ስንት ሰው ቆሞ ሲያይ አንድም ፊደል ሳያጠፉ ጨረሱ።

የባላቸው ወንድም መጥቶ፣ “የወንድሜ ስም የት ሄደ?” አለ።

“መቃብሩ ላይ ነው፤ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ” አሉት። “እዚህ የሚፈላው ድስት ግን የኔ ነው።”

ሰውየው ታፔላውን ቀና ብሎ አይቶ ሄደ። እኔም ብሩሹን መጭመቅ ረስቼ ቀለም ሸሚዜ ላይ አንጠባጠብኩ።

ታኅሣሥ 13

ረመዳን ከገባ ወዲህ ቀን ቀን ሱቁ ባዶ ነው። ምክንያቱ ገባኝ። ወይዘሮ ጃሚላ ሳያስቀምሱ አይሸጡም። ለመጣው ሁሉ በቢላዋ ጫፍ ትንሽ ቆርሰው ይሰጡታል፤ ቀምሶ ሲስቅ ነው የሚመዝኑለት። በጾም ግን ማን ይቀምሳል? ሁሉም ለማፍጠሪያ ሲል ፀሐይ ስትጠልቅ ይጋፋል፤ ግማሹ ሰልፉን አይቶ ይመለሳል።

ሐሳብ አመጣሁላቸው። ሐሉዋው ቀድሞ ይቆረጥ፣ በቢጫ ወረቀት ይጠቅለል፣ በላዩ ላይ እንደ ታፔላው ያለ ቀይ ጽሑፍ ይታተምበት። ሰው ቀን ገዝቶ ይሂድ። ወረቀቱ እቤት ሲገባ ጎረቤት ያየዋል፤ አውቶቡስ ላይ ሲወጣ ድሬዳዋ ያየዋል። ወረቀቱ ራሱ ታፔላ ሆኖ ይዞራል ማለት ነው።

“ያልቀመሱትን እንዴት ይገዙኛል?” አሉ።

“ስምዎን አይተው።”

በመጨረሻ እሺ አሉ።

ከጎማ ማኅተም ስቀርጽ ድስቱን የሚያማስለው ጀማል አጠገቤ ቆሞ ነበር። የባላቸው የሌላው ወንድም ልጅ ነው፤ አባቱ በሕይወት የለም። ክንዱ የጠነከረ፣ ዝምተኛ ጎረምሳ። “አቶ እንደሻው፣ ስም ብቻውን ይሸጣል ማለት ነው?” አለኝ።

“አዎን፣ ይሸጣል!” አልኩት ደረቴን ነፍቼ።

ከወረቀቱ ግርጌ በትንሹ “ጽሑፍ፦ እንደሻው” ብዬ ጨመርኩ። ማንም አይቃወምም መቼም።

ታኅሣሥ 25

ማተም፣ ማድረቅ፣ ማተም። ጣቶቼ ቀይ ናቸው። እህቴ ዘነበች ከሐኪም ቤት ስትመለስ አይታኝ ቆሰልክ ወይ ብላ ደነገጠች። ቁስል አጣቢ ስለሆነች ቀይ ሁሉ ደም ይመስላታል። የገና በዓል ደርሷል፤ በጉን እንኳ አልገዛሁም። ወረቀት አለቀ ብሎ ጀማል ደግሞ ላከብኝ።

ጥር 5

ዒድ። ሐረር በር ላይ የድሬዳዋው አውቶቡስ ሲነሳ በመስኮቱ ሁሉ ቢጫ ይታያል። መንገድ ላይ የተጣለ ወረቀት አንስቼ አቧራውን አራገፍኩ። ሞኝነት ነው፤ ግን አራገፍኩ።

ወይዘሮ ጃሚላ በዓል ብለው ሰሐን ሙሉ ሐሉዋ ላኩልን። ላመሰግን ስሄድ ጀማል ሥራ ሊለቅ ነው አሉኝ፤ ሸዋ በር አጠገብ ሱቅ ተከራይቷል። “ይሞክር፤ ክንዱ ደኅና ነው” አሉ። አልተቆጡም። እኔ ብሆን በዓሉ ሳያልፍ ጥሎኝ የሚሄድን ሰው እረግመው ነበር።

ጥር 12

ትናንት ጥምቀት፣ ማታውን ደግሞ የጀጎል ሰዎች ከዒድ በኋላ የሚመጣውን በዓላቸውን፣ ሹዋሊድን፣ ያከብራሉ። ከጀጎል ከበሮ፣ ከዚህ ዝማሬ፤ ከተማው ሁሉ ውጭ ነው ያደረው። ታቦት ስናጅብ አንዲት የወታደር ሚስት ቢጫ ጥቅል ይዛ ልጆቿን ታበላለች። ከየት ገዛሽ ስላት “ከሸዋ በር፣ ከአዟሪ” አለችኝ። ወይዘሮ ጃሚላ አዟሪ የላቸውም። እንግዲህ ገዝቶ የሚቸረችር ይኖራል ብዬ ተውኩት። ዝናው ሰፋ ማለት አይደል?

ጥር 19

ዘነበች ፊቷ ተለዋውጦ ገባች። አቦከር ሰፈር ካለ አንድ ሠርግ ቤት ሰዎች እያስመለሳቸው ሐኪም ቤት መጡ አለችኝ። ሽማግሌም ሕፃንም አለበት። ሙሽራዋ ራሷ በሰው ትከሻ ነው የገባችው። እስካሁን የሞተ የለም።

“ምን በልተው?” አልኳት።

ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች።

“ምን በልተው ነው?”

“ያንተን ቢጫ ወረቀት” አለችኝ።

ጥር 20

ጠዋት ሮጥኩ። መንገዱ ላይ ሰው ከሩቅ ቆሞ ያያል፣ ወደ ሱቁ የሚጠጋ ግን የለም። ታፔላው ላይ ጭቃ ተለጥፎበታል። “ጃሚላ” የሚለው ላይ።

ወይዘሮ ጃሚላ ውስጥ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ከሠርጉ ቤት የመጣ ጥቅል ተከፍቶ ነበር። ወረቀቱን አነሳሁት። ቢጫ ነው፤ ጽሑፉም ቀይ ነው፤ ግርጌው ላይ “ጽሑፍ፦ እንደሻው” ይላል። የኔ ማኅተም ግን አይደለም። ፊደሉ ወፍሯል፣ ቀለሙም እጅ ላይ ይለቃል። ስሜን ሳይቀር ቀድተውታል።

“ይኸው! የእርስዎ አይደለም! የተሰረቀ ነው!” ብዬ ጮህኩ።

“የኔ አለመሆኑን አውቄያለሁ” አሉ። ምላሳቸው ላይ ነክተው ተፍተውታል። ውስጡ ቆርቆሮ ያልተቀባ የመዳብ ድስት ውስጥ ያደረ ነው፤ ያ ነው ሰውን የሚያስመልሰው። ሽታውን ለመሸፈን ደግሞ ሄል በዝቶበታል። “ሄል የሚያበዛ አንድ ሰው ነው የማውቀው” አሉ። ማን ነው ብላቸው አልነገሩኝም።

ፖሊስ ጣቢያ እንሂድ አልኩ። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አድርገን ለሰው ሁሉ እናሳይ አልኩ።

“ልጅቱ ታማ ተኝታለች፤ እኔ ወረቀት ላሳይ?” አሉ።

ወደ ቤት ስመለስ አንዱ ልብስ ሰፊ ከመኪናው ቀና ሳይል ለጓደኛው፣ “ድሮ አስቀምሳ ነበር የምትሸጠው። ይሄ ወረቀት ከመጣ ወዲህ ነው” ሲል ሰማሁት።

እውነቱን ነው። በቢላዋ ጫፍ ሲያስቀምሱ ማን ሊቀዳቸው ይችል ነበር? ከእጃቸው ካልሆነ የጃሚላ አልነበረም። ስምን ከእጅ ለይቼ መንገድ ላይ የለቀቅኩት እኔ ነኝ። ወረቀት ማንም ያትማል። ይህን ሳላስብ ነው ምክር የምሰጠው።

ጥር 21

“ወረቀቱን የሠራኸው አንተ ነህ፤ አንተም ና” ብለውኝ ከሳቸው ጋር ወደ ሠርጉ ቤት ሄድኩ።

የሙሽራዋ እናት ወይዘሮ መሪየም በሩን ስትከፍት ያስገባችን ለይሉኝታ ያህል ነው። ከላይኛው መደብ ሙሽራዋ ተኝታለች፤ የእጇ ሒና ገና አልደበዘዘም። እኔ እንግዳ ሰው ስለሆንኩ በር አጠገብ ዝቅ ካለው መደብ ተቀመጥኩ። ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ሁሉ ወደ እኛ ዞሩ።

ወይዘሮ ጃሚላ ቀጥ ብለው ወደ ልጅቱ ሄዱ፤ ግንባሯን ዳሰሱ፣ ውኃ ጠጣች ወይ ብለው ጠየቁ። ከዚያ ነው ወደ እናትየዋ የዞሩት።

“ስምሽ ያለበትን ነው ለእንግዶቼ ያቀረብኩት” አለች መሪየም። “ስምሽ ባይኖርበት ከመንገድ ላይ እገዛ ነበር? አዟሪውን ማን አመነው? አንቺን ነው ያመንኩት።”

አሁን ይናገራሉ ብዬ ወረቀቶቹን ከኪሴ አወጣሁ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። የኔ አይደለም፣ በቃ።

ጃሚላ ግን፣ “ስሜ ካለበት ለኔ ነው የምትናገሪው፤ ልክ ነሽ” አለች። “ድስቱ የኔ አይደለም፤ ወላሂ የኔ አይደለም። ስሜን ወረቀት ላይ አድርጌ መንገድ ላይ የለቀቅኩት ግን እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ሲያነሳው አላየሁም። ማየት ነበረብኝ። ልጅሽ እስክትነሳ ድረስ ከዚህ ቤት አልጠፋም።”

መሪየም አፍጥጣ አየቻት። “ሰው ሁሉ እኔ አይደለሁም ብሎ በሩን ይዘጋብኛል ብዬ ነበር” አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ወረቀቶቹን መልሼ ኪሴ ከተትኳቸው። ሃያ ታፔላ ብጽፍ እንዲህ ያለ ነገር አልጽፍም። ስመለስ መንገዱን ሁሉ ብቻዬን ስናገር ነበር መሰለኝ፣ አንድ አህያ ነጂ ዞር ብሎ አየኝ።

ጥር 26

ጃሚላ ጠዋት ጠዋት ወደ መሪየም ቤት ትሄዳለች። ሾርባ ይዛ፣ አንዳንዴ ባዶ እጇን። የታመሙትን ሁሉ በየቤታቸው ጠየቀቻቸው፤ አንዱ ሽማግሌ በሩን ዘግቶባት በማግሥቱ ደግማ ሄደች።

ሱቁ ዝግ ነው። ጭቃውን ላጥብ ብል፣ “ልጅቱ ስትነሳ” አለችኝ።

ዘነበች እራት ስታቀርብ፣ “ወይዘሮ ጃሚላ፣ እሳቸው፣ ትል አልነበር?” አለችኝ።

“ታፔላው ጃሚላ ስለሚል ለምዶብኝ ነው” አልኳት። እውነትም ለዚያ ነው።

የካቲት 2

ሙሽራዋ ተነሳች! በእግሯ ደጃፍ ድረስ ወጥታ ጃሚላን ሸኘቻት።

ታፔላውን አጠብኩ። አሁን ጥያቄው እንዴት ይከፈታል ነው። ቀለም ቀይረን፣ ስም ቀይረን፣ አዲስ ሱቅ ይምሰል የሚሉ አሉ። የባሏ ወንድም “የዐብዱናስር” ይባል ብሎ መጥቷል። እኔ በጭራሽ አልኩ። ስም የሚቀይር ሰው ጥፋተኛ ነበር ይባላል። ሰው የጠላው ስሙን አይደለም፤ የፈራው ያላየውን ድስት ነው። እንግዲያው ድስቱን ያሳየው።

“ድስቱን ከጓዳ አውጥተሽ ደጃፍ ላይ አድርጊው” አልኳት። “ዘይቱም፣ ስኳሩም፣ እሳቱም ይታይ። መንገደኛ ሁሉ እያየ ይማሰል።”

አንቺ ማለቴን ከተናገርኩ በኋላ ነው ያወቅኩት። እሷ እንደሆነ ልብም አላለችው።

“ሰው ፊት ላብ በላብ ሆኜ?” አለች።

“ሰው ፊት።”

ሳቀች። ከዚያ ክፉ ቀን ወዲህ ስትስቅ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

የካቲት 4

ድስቱ ደጃፍ ወጣ። ቀኑን ሙሉ አማሰለች። ሕፃናት ከበቧት፤ እናቶቻቸው እየጎተቱ ወሰዷቸው። አንድም ሰው አልገዛም። ማታ ሐሉዋውን ሁሉ ለመድረሳ ልጆች ልትሰጥ ብትልክ “ይቅርብን” ብለው መለሱት።

ሌላ ምክር የለኝም። ምን ብዬ ነው ሴትዮዋን ፀሐይ ላይ ያወጣኋት?

የካቲት 6

ዛሬም ማንም አልገዛም። ክንዷ አብጧል። ልተካሽ ብላት፣ “አንተ ድስት ያቃጥላል ትባልና ደግሞ ሌላ ወሬ” አለች።

የካቲት 8

መሪየም መጣች!

ሰዓቱ መኪና ግርግር የሚሞላበት፣ ሴቶች ከመጋላ የሚመለሱበት ነበር። ሙሽራዋን ይዛ፣ ዘመዶቿን አስከትላ፣ መሐል መንገድ ላይ ቆመች። ጃሚላ በቢላዋዋ ጫፍ ትንሽ ቆርሳ መጀመሪያ ራሷ በላች። ከዚያ ለመሪየም ሰጠቻት። የልብስ መኪናዎቹ ሁሉ ቆሙ፤ ያ መንገድ ጸጥ ሲል ሰምቼ አላውቅም። መሪየም አላምጣ ዋጠች።

“ለልጄ ቅልቅል እፈልጋለሁ” አለች ጮክ ብላ። “ድስቱ ሙሉ።”

ሙሽራዋም፣ “እኔንስ አታቀምሺኝም?” ብላ እጇን ዘረጋች። ያኔ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ አንዷ እልል አለች። ያ ልብስ ሰፊ ከመኪናው ተነስቶ ሰልፍ ያዘ። እኔ አቧራ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

የካቲት 17

ሥራ ሥራ ሥራ። ወረቀቱን ሙሉ በሙሉ እንተወው ብዬ ነበር፤ እሷ ናት አይሆንም ያለች። ለመንገደኛ ያስፈልጋል። ግን አሁን ሳያስቀምሱ አይጠቀለልም፤ ደንበኛው ፊት ተቆርጦ፣ ደንበኛው ፊት ይታሰራል። ግርጌው ላይ ያለውን ስሜን ከማኅተሙ ቆርጬ ጣልኩት። ለደንበኛው ምን ይጠቅመዋል? ይልቅ “ከፈረስ መጋላ ሱቅ በቀር አንሸጥም” የሚል አስገባሁበት። መጀመሪያም መሆን የነበረበት ይሄ ነው።

የካቲት 24

ቢጫ ወረቀት የሚያትመውን አገኘሁት። ቀለም ልገዛ ሸዋ በር ወርጄ በጀማል ሱቅ ሳልፍ ከጓዳው ተደርድሮ አየሁ። ታፔላ የለውም፤ ያለ ስም ነው የሚነግደው። ጉሮሮውን ልይዘው ነበር። እሱ አየኝና መጋረጃውን ሳበ።

ሮጬ ነገርኳት። ከድስቷ ቀና ሳትል፣ “ሄል ያበዛል አላልኩህም?” አለች።

“ታውቂ ነበር! ከመጀመሪያው ቀን! ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?”

“ሰው ፊት ብናገር ያን ቀን ይደበድቡት ነበር። አባት የለውም። ደግሞ ሰው እኔ ስነሳ እንዲያይ ነው የፈለግኩት፣ እሱ ሲወድቅ አይደለም።” ማማሰያውን አስቀመጠች። “አሁን ተነስቻለሁ። እንሂድ።”

ቀትር ላይ ሱቁ ገባን። ጀማል መሸሻ አጣ። ጃሚላ አንድ ጥቅል አንስታ ፈታች፣ ሽታውን ሳበች፣ መልሳ አስቀመጠች።

“ይሄኛው ደኅና ነው። ድስቱን አስቀብተኸዋል።”

“ከዚያ ቀን በኋላ አስቀባሁት” አለ። ድምፁ አይሰማም። “አላወቅኩም ነበር አባይ። ወላሂ እንደሚያሳምም አላወቅኩም።” አባይ በቋንቋቸው ታላቅ እህት ማለት ነው።

“ስሜንስ? እሱንም አላወቅክም?”

“ያለ ስምሽ ማን ይገዛኛል?” አለና ወደ እኔ አየ። “ስም ይሸጣል ብሎኛል።”

ምን ልበል? ብዬዋለሁ። ስም ከየት እንደሚመጣ ግን አልነገርኩትም። ዛሬ ቢጠይቀኝ ይህችን ሴት አሳየው ነበር።

“ወረቀቱን ሁሉ አውጣ” አለችው። እዚያው ድስቱ ሥር ሲቃጠል ቆማ አየች። ከዚያ፣ “ነገ መሪየም ዘንድ በሽማግሌ እንሄዳለን። እኔ አጠገብህ እቀመጣለሁ፤ መናገሩ ግን ያንተ ነው” አለችው።

የካቲት 26

ተናገረ። እያለቀሰ፣ ግን አንድም ሳይደብቅ። ሽማግሌዎቹ ብዙ ሊፈርዱበት ተነሱ። መሪየም እስከ መጨረሻው ሰምታ፣ “እስከ ዐረፋ ድረስ ለታመመብኝ ሰው ቤት ሁሉ ውኃ ይቅዳ” አለች። ሰው ሁሉ ያየዋል ማለት ነው፤ ከበር እስከ በር። እሺ አለ። ቀና ብሎ እሺ ማለቱን ወደድኩለት፤ ልወድለት አልፈለግኩም ነበር።

መጋቢት 2

ጃሚላ ሱቄ መጣች። “ለጀማል ታፔላ ጻፍለት” አለችኝ።

በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም።

“በራሱ ስም። የራሱ ስም ሲኖረው የራሱን ድስት ይጠብቃል። በሰው ስም ስለሚሸጥ ነው ግድ ያልነበረው።”

“ጎንሽ ተቀናቃኝ ልታቆሚ ነው?”

“ሐረር አንድ ድስት ይበቃዋል?”

አልጽፍም አልኳት። እንዲህ ብዬ መልሻት አላውቅም። ጥላዋን ዘርግታ ሄደች።

መጋቢት 6

አሁንም አልጻፍኩም። አልመጣችም። ሁለት ጊዜ በፈረስ መጋላ በኩል አለፍኩ፤ ሥራ ስለነበረኝ ነው። ሰው ከቧት አላየችኝም።

ዘነበች፣ “ስለ ልጁ ነው ወይስ ስለ ሴትዮዋ ያኮረፍከው?” አለችኝ።

“ስለ ሥራ ነው” አልኳት።

“ሐኪም ቤት የመጡት እንኳ ይቅር ብለውታል። አንተ ምንህን ታመምክ?”

ጠዋት ጠዋት ጀማል ገንቦ ተሸክሞ በደጄ ያልፋል። ትከሻው ላይ ጨርቅ ያደርጋል፤ ተልጦበታል። ሰው ሲጠቋቆምበት አንገቱን አይደፋም። ማን እንዳስተማረው አውቃለሁ።

መጋቢት 7

ጣውላ ገዛሁ።

መጋቢት 11

ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ዐረፋ ነው፤ ለበዓሉ ካልደረሰ አይጠቅምም። መሰላሌን ተሸክሜ ሸዋ በር ወረድኩ። ጀማል ውኃውን አድርሶ መጥቶ መሰላሉን ያዘልኝ። መደቡን አረንጓዴ አደረግኩት፤ ከእሷ ጋር ማንም እንዳያምታታው።

በጠመኔ መሥመሩን ሳሰምር ከሥር፣ “አቶ እንደሻው፣ ትንሽ ያሳንሱታል?” አለኝ።

ይህን የጠየቀኝ ደንበኛ የለም። ሁሉም አተልቅልኝ ነው የሚለው። “ለምን?”

“ካበላሸሁ ከሩቅ ይታያል።”

መሰላሉ ላይ ሆኜ አየሁት። ገንቦው የላጠውን ትከሻውን፣ የተነቀለ ጥፍሩን። ከመቼ ወዲህ እንደሆነ አላውቅም፣ ቂሜ የለም።

“አላሳንሰውም” አልኩት። “ተጠንቅቀህ ሥራ።”

ብሩሹን ነክሬ ጀመርኩ። ቀዩ ቀለም ደኅና ይሄዳል፤ ፊደሉም ደኅና ወጣ። ጀማል ግን ከሥር ጉሮሮውን ጠረገ።

“አቶ እንደሻው… ጃ ብለዋል።”

አየሁት። እውነቱን ነው። የፊደሏን እግር አስረዝሜያታለሁ፤ “ጃ” ብዬ ወደ “ሚ” ልሄድ ነበር።

በጨርቅ ጠረግኩትና “ጀ” አልኩ። ጀማል ከዚያች ክፉ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ ሰማሁት።

“ቀለሙ ቀጥኖ ነው” አልኩት።